እህት አልፈልግም ያለችው እብነ በረድ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። «ቀርበናል» በሉ። ከቀረባችሁ፣ እነሆ።

በጥንት ጊዜ፣ ድንጋይ ከሰው ይልቅ ብዙ በሚናገርበት ዘመን፣ ነጭ ገደል የምትባል ከተማ ነበረች። ስሟን ያገኘችው ከበስተኋላዋ ካለው የእብነ በረድ ተራራ ነው። በዚያች ከተማ አለቃ ይኄይስ የሚባሉ ቀራጺ ይኖሩ ነበር። አለቃ ይኄይስ ሐሳቡን ያመጣሉ፤ ፈለቀች የምትባል ሴት ድንጋዩን ትጠርባለች፤ ሥራው ሲያልቅ አለቃ መጥተው በጨርቅ ወልወል አድርገው ስማቸውን ይቀርጹበታል። በዚህ የሥራ ክፍፍል ቅር ያለው ሰው አልነበረም፤ ፈለቀች ካልተቆጠረች።

አንድ ዓመት አለቃ የአንዲት ሴት ሐውልት ሠሩ። ሴቲቱ ቀኝ እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች። መዳፏ ላይ ርግብ አለች። ርግቧ ልትበር ነው፤ ግን ገና አልበረረችም። ያያት ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ ርግቧን አስበረግጋለሁ ብሎ ይፈራልና። ሐውልቷን ሰዎች «ባለ ርግቧ» አሏት። ዝናዋ ተራራ ተሻግሮ ንግሥቲቱ ጆሮ ደረሰ። ንግሥቲቱም «በማሠራው አዳራሽ መካከል ትቁምልኝ» አሉ።

አዳራሹ ግን ገና ጣራ አልነበረውም። ግንበኛው «ለፋሲካ ይደርሳል» ብሎ ነበር፤ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ስለዚህ ባለ ርግቧ ጣራው እስኪያልቅ እዚያው አለቃ ሥራ ቤት ውስጥ ቆማ መጠበቅ ጀመረች። ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ብቻዋን አልነበረችማ።

ጥግ ላይ እማማ ጄሶ ቆመዋል። እማማ ጄሶ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። አለቃ ይኄይስ ሴቲቱን መጀመሪያ የሠሩት ከጭቃ ነው። ከጭቃዋ ላይ መልኳን በጄሶ ወሰዱ። ጭቃዋ በዚያው ፈረሰች፤ እማማ ጄሶ ተወለዱ። ከዚያ ፈለቀች በእማማ ጄሶ ገላ ላይ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጣት ትንንሽ ምስማር መታች። ባለ ሁለት እግር መለኪያዋን ከምስማር ወደ ምስማር እያስኬደች፣ ልኩን ወደ እብነ በረዱ እያሻገረች ጠረበች። አፍንጫው የት እንደሚያበቃ፣ ጣቱ የት እንደሚጀምር የሚነግራት ምስማሩ ነው። እማማ ጄሶም እንደ ጃርት ምስማር ለብሰው፣ አቧራ ጠጥተው፣ ጥጋቸውን ይዘው ቀሩ። የሚያያቸው የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው እብነ በረዷን ነው።

እብነ በረዷም እንዲህ እንዲሆን ትወዳለች። ራሷን «በኩሯ» ብላ ትጠራለች። እኛም እንደ ፈቃዷ በኩሯ እንበላት።

እንግዲህ ሰው ያማረ ነገር ሲያይ «ለኔም» ማለቱ አይቀርም። ዳኛው «ለመስኮቴ ትንሽ ትሠራልኝ» አለ። የዳኛው ጎረቤት ዳኛው ያለው ነገር ሳይኖረው ማደር አይችልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ፈለቀች እማማ ጄሶን እያየች ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ሠላሳ ባለ ርግቦች ከሸክላ ሠራች። በጠፍር በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ደረደረቻቸው።

«እንደምን አደርሽ፣ እታለም» አሉ ሠላሳው በአንድ ድምፅ።

 በኩሯ ነጭ ስለሆነች መልኳ መቅላቱ አልታወቀም።

ከበኩሯ እግር ሥር፣ በድንጋዩና በወለሉ መካከል፣ አንድ አይጥ ይኖር ነበር።

«አያ አይጥ» አለች በኩሯ።

«አቤት፣ እሜቴ።»

«እዚያ ሳንቃ ላይ ያሉትን ታያቸዋለህ?»

«አያቸዋለሁ፣ እሜቴ። እርስዎን ቁርጥ።»

«እሱ ነው ሕመሜ። እኔን የሚመስል አልወድም።»

«ሳንቃው የተንጠለጠለው በበሬ ጠፍር ነው፣ እሜቴ። ጠንካራ ነው።»

«ጥርስህስ?»

«ጥርሴማ ሥራ ፈትቶ ነው የከረመው።»

አይጡ ጠፍሩን በላ። ሳንቃው ወደቀ። ሠላሳው ሸክላ ስልሳ፣ ስልሳው መቶ ሆኖ ወለሉን ሞላው። ፈለቀች መጥረጊያ ይዛ መጣች፤ አለቃ እጃቸውን ይዘው መጡ።

«ምን ጉድ ነው፣ ፈለቀች?»

«ጠፍሩ አርጅቶ ነበር፣ አለቃ። ይቀየር ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

«መቼ?»

«አምና። ዘንድሮም።»

አለቃ ስለ ጠፍር መነጋገር አልወደዱምና ወሬው በዚያው ቆመ። ገበያ ላይ ግን አልቆመም። «ትንንሾቹ ባለ ርግቦች አለቁ» ተባለ። ሰው ደግሞ ሲኖር ያላየውን ሲያልቅ ያያል። አንድ ያዘዘ ሁለት አዘዘ፤ ያላዘዘውም ከወንድሙ ቀድሞ ሮጠ። ፈለቀች እማማ ጄሶን እያየች ስልሳ ሠራች። አሁን በአዲስ ጠፍር።

«እንደምን አደርሽ፣ እታለም» አሉ ስልሳው።

ሸክላዎቹ ወደየገዢው ቤት ሄዱ፤ በኩሯም ትንሽ ተነፈሰች። «ትንንሽ ናቸው፤ ከእኔ ጋር ማን ያስተያያቸዋል» አለች። እንዲህ ባለች በሳምንቱ ስምንት በሬዎች አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ጎትተው ሥራ ቤቱ በር ላይ ጣሉ። በሐይቁ ዳር ያሉ የወደቡ ሰዎች ልክ የንግሥቲቱን የምታህል ባለ ርግብ አዝዘው ኖሯል። እብነ በረድ፤ ከዚያው ተራራ፤ ከዚያው ገደል።

ፈለቀች ድንጋዩን ከበኩሯ ፊት ለፊት አቆመችው፤ ብርሃን ያለው እዚያ ነበርና። መጀመሪያ ትከሻ ወጣ። ቀጥሎ እጅ ወጣ። እጁ ላይ ርግብ ወጣች። በኩሯ በየቀኑ ገላዋ ከፊቷ ሲፈለፈል ታያለች። መስተዋት አይታ አታውቅም ነበር፤ አሁን አየች፤ ያየችውንም አልወደደችም።

«አያ አይጥ።»

«አቤት፣ እሜቴ።»

«ይቺንስ?»

«እሷን እንኳ ጥርሴ አይደፍራትም፣ እሜቴ። ድንጋይ ናት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደ እርስዎ።»

«እሷን አትንካ። የአሮጊቷን ምስማር ንካ። ከአፏ ጫፍ ያለውን በጥርስህ ያዝና የገብስ ፍሬ ታህል ወደ ውጭ ሳበው። ያቺ ጠራቢ ምስማር እንጂ ዓይኗን አታምንም። ምስማሩ ከወጣ ድንጋዩ ወፍሮ ይቀራል። ጉንጯ ያበጠ ይሁን። ጥርሷን ያመማት ትምሰል።»

«ክፉ ሐሳብ ነው፣ እሜቴ» አለ አይጡ በአድናቆት።

ምስማሩን ሳበ። ፈለቀች መጥታ ለካች፤ ያገኘችውን ልክ ወደ ድንጋዩ አሻገረች፤ ጠረበች፤ በአሸዋ ፈተገች። ሲያልቅ አለቃ ጨርቃቸውን ይዘው መጡ፤ ጨርቁንም እንደያዙ ቀሩ።

«ፈለቀች፣ ይቺ ምን አግኝታ ነው የምትስቀው?»

«አልነገረችኝም፣ አለቃ።»

«ምስማሩን ለክተሻል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ጭቃዬ አይስቅም ነበር።»

«አውቃለሁ። ላፍርሳት?»

አለቃ ቀረብ ብለው ተመለከቱ። በአፏ ጫፍ የገብስ ፍሬ ታህል ድንጋይ ተርፋለች፤ በዚያች ትራፊ ምክንያት ሴቲቱ ርግቧ ልትሄድ መሆኑን ያወቀችና ደስ ያላት መስላለች።  በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰው ከጠየቀሽ፣ አስቤበት ነው በይ።»

«ማን አስቦበት?»

«እኔ ነኛ።»

ሐውልቷን ሰዎች «ሳቂዋ» አሏት። ሊያይዋት ከሩቅ መጡ። በሩ ላይ ሲገቡ ለበኩሯ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ የንግሥቲቱ ናትና። ከዚያ ዞረው ሳቂዋ ፊት ቆመው ምሳቸውን ይረሳሉ።

«እታለም» አለች ሳቂዋ አንድ ቀን፣ «እንደዚህ አፍጥጠሽ ስታዪኝ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ያለ ይመስለኛል።»

«አለብሽ።»

«ምን?»

«የእኔ ፊት።»

«እሱማ ያንቺ ነው» አለች ሳቂዋ። «ትንሽ ፈታ አድርጌ ለበስኩት እንጂ።»

የወደቡ ሰዎች መጥተው ሳቂዋን ጭነው ሄዱ። በኩሯ «ተገላገልኩ» አለች። በማግስቱ ግን ከሰባት ከተሞች ሰባት መልእክተኞች መጡ። ሰባቱም ባለ ርግቧን እንፈልጋለን አሉ፤ ሁለቱ እንደ በኩሯ የኮራች፣ አምስቱ እንደ ሳቂዋ የሳቀች። አለቃም «እሺ፤ ከክረምት በኋላ እንጀምራለን» አሉ።

በኩሯ አሰበች። ሸክላ ቢሰበር ሸክላ ይሠራል። ድንጋይ ቢበላሽ የተበላሸው ይወደዳል። ምንጩ እያለ ጅረት መገደብ ምን ይጠቅማል? ምንጩን ነው።

«አያ አይጥ።»

«አቤት፣ እሜቴ።»

«ጄሶ ምን ይጠላል?»

አይጡ ወደ እማማ ጄሶ ቀና ብሎ አየ።  «ውሃ ይጠላል፣ እሜቴ» አለ።

«ክረምቱ ገብቷል። ከአሮጊቷ ራስ በላይ ያለው ጣራ ሣር ነው። ሣሩን የያዘው ልጥ ነው። ልጥ ደግሞ ካንተ ጥርስ አያመልጥም።»

አይጡ ጣራውን በላ። በማግስቱ አለቃና ፈለቀች ለሰባቱ ከተሞች ድንጋይ ሊመርጡ ወደ ተራራው ወጡ፤ ዝናብም ያዛቸውና ሦስት ቀን እዚያው ቀሩ። በሥራ ቤቱም ሦስት ቀን ዘነበ። መጀመሪያ ቀን እማማ ጄሶ ራሳቸው ራሰ። በሁለተኛው ቀን ትከሻቸው ላላ።

«ልጄ» አሉ እማማ ጄሶ፣ «ይህ ዝናብ ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም።»

«እኔ ልጅሽ አይደለሁም» አለች በኩሯ። «እኔ ከተራራው ነኝ።»

«ከተራራው የመጣው ክብደትሽ ነው። እጅሽ ከእኔ እጅ ነው፤ አንገትሽ ከእኔ አንገት ነው። አልቆጥርብሽም። ለእኔም እናት ነበረችኝ፤ ጭቃ ነበረች። እኔን ለማውጣት ሲያፈርሷት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ‘አፍንጫዋን አደራ’ አለች።»

«እኔ ብሆን እንቢ እላለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ እማማ ጄሶ። «አሁን ምን እንዳስጨነቀኝ ታውቂያለሽ? እጄ ሊወድቅ ነው። የአምስቱም ጣት ልክ እጄ ላይ ነው። ሌላ የትም የለም።»

«እኔ ላይ አለ» አለች በኩሯ። «ይበቃል።»

በሦስተኛው ቀን እማማ ጄሶ በቁማቸው ተናዱ። ፈለቀች ስትመለስ ወለሉ ላይ ነጭ ጭቃ አገኘች፤ በጭቃው ውስጥ ብዙ ምስማር። ቁጢጥ ብላ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች። አለቃም አጠገቧ ተቀመጡ፤ ያን ቀን ስለ ጣራው የተናገረ የለም። በንግሥቲቱ ሐውልት ላይ ምስማር አይመታምና ሰባቱ መልእክተኞች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በኩሯ ግን ከተጠረበች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። «አሁን ከእኔ በኋላ ማንም አይመጣም» አለች።

ክረምቱ ወጣ። የንግሥቲቱም አዳራሽ ጣራ አገኘ። በኩሯን በገለባ ጠቅልለው፣ በሸርተቴ ላይ አስረው፣ በዐሥር በሬ ጎተቷት። ወንዙን ሲሻገሩ አንድ በሬ ተንሸራተተ። ማንም አልተተናኮለም፤ መንገድ ነው፣ በሬ ነው፣ ድንጋይ ነው። ሸርተቴው ዘመመ፤ የተዘረጋው እጅ ከቋጥኝ ጋር ተላተመ፤ ከነርግቧ ተሰብሮ ወንዙ ውስጥ ገባ። ወንዙ ከክረምት የተረፈ ውሃ ነበረው፤ ይዞት ሄደ።

ንግሥቲቱ በአዳራሹ መካከል ቆመው ሐውልቷን ዞሩ።

«አለቃ ይኄይስ።»

«ንግሥት ሆይ።»

«ባለ ርግቧ ነበር ያላችሁኝ።»

«መንገድ ላይ… እጇ ቀረ፣ ንግሥት ሆይ።»

«አዳራሹ በጥር ይመረቃል። እስከዚያ እጇን አምጡ። አለዚያ እንግዶቼ ምን ልታነሣ ነው የተዘረጋችው ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ መልስ የሌለው ጥያቄ አልወድም።»

አለቃና ፈለቀች ሥራ ቤት ተመለሱ። ፈለቀች መለኪያዋን አንሥታ ወደ ጥጉ ዞረች። ጥጉ ባዶ ነው።

«ከምን ልለካ፣ አለቃ?»

«እኔ የሠራኋትን አላስታውስም ብለሽ ነው? ድንጋይ አምጪ።»

አለቃ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው መሮ ጨበጡ። ሦስት ሳምንት ጠረቡ። እጁ ሲያልቅ ጣቶቹ ወፍራም፣ አውራ ጣቱ ጎባጣ ሆነ።

ፈለቀች እጁን አገላብጣ አየች። «ቆንጆ እጅ ነው። የማን ነው?»

አለቃ የራሳቸውን እጅ አዩ፤ ድንጋዩን አዩ፤ መሮውን አስቀመጡ።

«ሳቂዋ አለች» አለች ፈለቀች። «ከዚያው ምስማር ነው የለካኋት። እጇ ያው እጅ ነው።»

ወደ ሐይቁ ሄደች፤ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ሳቂዋ በወደቡ ላይ፣ ዓሣ በሚሸጥበት አደባባይ ቆማለች፤ ሕፃናት እግሯ ላይ ተንጠላጥለው ይጫወታሉ። ፈለቀች መለኪያዋን በሳቂዋ ጣቶች ላይ ስታስኬድ፣ ከሐይቁ የመጣ አንድ ነጭ ወፍ ሳቂዋን «ምን እየወሰደችብሽ ነው?» አላት።

«ለእህቴ እጅ ነው።»

«ከዚያ በኋላ አንቺስ?»

«እኔማ እጄ እዚሁ ነው» አለች ሳቂዋ። «ልክ ሲወስዱት አያልቅም።»

ፈለቀች እጁን ጠረበች፤ ርግቧንም ጠረበች፤ ወደ አዳራሹ ወስዳ በብረት ካስማ ገጠመችው። መጋጠሚያው በጥፍር እንኳ አይታወቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለቀች ራሷ በጨርቅ ወለወለች፤ አለቃም ዞር ብለው አላዩም መሰሉ።

ሰው ሲወጣ፣ ጣራው ላይ ጎጆ የሠራች እውነተኛ ርግብ ወደ በኩሯ ትከሻ ወረደች። ጣራው ገና ሳይመረቅ ቀዳዳ ነበረውና ርግቦች ከንግሥቲቱ እንግዶች ቀድመው ገብተዋል።

«እሰይ፣ ሞላሽ» አለች ርግቧ። «ነገ ምረቃ ነው። አገሩ ሁሉ ሊያይሽ ይመጣል።»

«ይህ እጅ የማን ነው?» አለች በኩሯ።

«ያንቺ ነዋ። ተገጠመልሽ።»

«ከማን ተለካ?»

«ከእህትሽ።»

«እንግዲያው እኔ በኩሯ፣ ከእሷ የተቀዳሁ ልሆን ነው?»

«እጅሽ ብቻ። እሷም እኮ የለበሰችው ያንቺን ነው። ደግሞ ሰው አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እህት ዓለም» አለች ርግቧ፣ «እኔ በየዓመቱ ሁለት ጫጩት እፈለፍላለሁ፤ ሁሉም እኔን ይመስላሉ። አንድ ቀን እንኳ ከጎጆ ገፍቼ አልጣልኩም። ያዢው። ትንሽ ጨበጥ አድርጊው ብቻ፤ ይለመዳል።»



በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ንግሥቲቱ ገቡ፤ መኳንንቱ ገቡ፤ አለቃ ይኄይስ አዲስ ኩታ ለብሰው ፊት ቆሙ፤ ፈለቀች ከዓምዱ ኋላ ቆመች። መጋረጃው ወረደ። በኩሯ ሙሉ ሆና ታየች፤ ሕዝቡም ትንፋሹን ያዘ። ከሕዝቡ መካከል ወደቡን የሚያውቅ አንድ ነጋዴ ለጓደኛው «እጇ ልክ የሳቂዋን ይመስላል» አለው፤ ለማድነቅ ነበር።

በኩሯ ሰማች። ካስማውን ለቀቀች።

እጁ ከነርግቧ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እንዳይጠገን ሆኖ ደቀቀ።  አለቃ ተንበርክከው ሊለቅሙ ጀመሩ። ፈለቀች ግን ከዓምዱ ኋላ አልተነቃነቀችም።

«እንደ ገና ይሠራ?» አለ አንድ መኮንን።

«ከእንግዲህ እኔ አልለካላትም» አለች ፈለቀች። ሥራ እንቢ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

ንግሥቲቱ ወደ ሐውልቷ ቀረብ ብለው አዩ። «ተዉአት» አሉ። «ይህን እጅ ሰው አልሰበረውም።»

እንዲሁ ቀረች። ዛሬም በአዳራሹ መካከል ቆማለች ይባላል። ዝናዋን ሰምተው ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ፤ ዞር ዞር ብለው ያያሉ፤ ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ይጠይቃሉ። «ጌታው፣ እጅ ያላትስ? የምትስቀዋ?»

ዘበኛውም ከመልመዱ የተነሣ ቀና ሳይል «ወደ ሐይቁ፤ ሁለት ቀን መንገድ» ይላቸዋል። በኩሯ ይህን ቀን በቀን ትሰማለች። አይጡ ግን ደኅና ነው፤ አሁን ያለው የወደቡ ዓሣ መጋዘን ነው።

በኩሯ ብቻዬን ልሁን ብላ ነበር፤ ሆነች። ከእህቶቿ ሁሉ እጅ የሌላት እሷ ብቻ ናት። ለዚህ ነው በነጭ ገደል አገር «ብቻዬን ልታይ ያለች፣ ጉድለቷን አሳየች» የሚባለው።

ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔም ከሰው ነው የሰማሁት፤ እሱም ከሌላ ሰው፤ መንገድ ላይ አንድ ሁለት ነገር ሳይጨመርበት አልቀረም። እናንተም ስትነግሩት ጨምሩበት። መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን እስካሁን ተረቴ ተወሰደብኝ ብሎ የመጣ የለም።